ለማሳ ጥበቃና ለዒላማ ተኩስ የሚሆን አነስተኛ ጠመንጃ አመራረጥ

በአዳማ ዙሪያ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች ስለ አነስተኛ ጠመንጃ ሊያማክሩኝ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ «የየት አገር ሥሪት ይሻላል?» የሚል ነው። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአንድ ድርጅት የጥበቃ ክፍል የመሣሪያ ግምጃ ቤት ይዤ፣ ጠመንጃ ስረከብ፣ ሳጸዳና ስመዘግብ ስለኖርኩ ጥያቄው ከመጨረሻው እንደሚጀምር አውቃለሁ። ሥሪቱ የሚመረጠው ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ ነው፤ ጥይቱ የሚመረጠው ሥራው ከታወቀ በኋላ ነው፤ ሥራው ደግሞ የሚታወቀው ሕጉም ቦታውም ምን እንደሚፈቅዱ ከተጣራ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው የገዙ ሰዎች መልኩ ያማረ ጠመንጃ ይዘው፣ የሚስማማው ጥይት ጠፍቶባቸው ወይም የሚተኩሱበት ቦታ አጥተው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ሲቀመጡ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ከገበያ በፊት

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥና ማጓጓዝ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መያዝ በወንጀል ያስጠይቃል። ጠመንጃው ትንሽ መሆኑ ወይም ለአይጥና ለወረቀት ዒላማ ብቻ መታሰቡ ከፈቃድ ነፃ አያደርገውም። ስለዚህ ሙሉውን ዋጋ ቀርቶ ቀብድ እንኳ ከመስጠትዎ በፊት ፈቃድ ወደሚሰጠው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሄደው የጠመንጃውን ዓይነት፣ የጥይቱን ልክ፣ ሊይዙ የሚችሉትን የጥይት ብዛትና የሚጠቀሙበትን ምክንያት ዘርዝረው ይጠይቁ። የአየር ጠመንጃንም «መጫወቻ ነው» ብሎ ማለፍ ስለማይገባ በዚያው ቀን አብረው ያንሱት። ሻጩ የራሱን ፈቃድና የጠመንጃውን ሰነድ ማሳየት ካልቻለ፣ ወይም በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ተፍቆ ወይም በላዩ ላይ ሌላ ቁጥር ተመትቶ ከተገኘ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ድርድሩ እዚያው ላይ ሊቆም ይገባል።

ሁለተኛው ሕግ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደልን ይከለክላል፤ እንስሳው በራስዎ ማሳ ውስጥ መገኘቱ የእርስዎ አያደርገውም። ጦጣ ፓፓያውን ስትነክስና ስትጥል ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ እኔም ዛፎች አሉኝና። ነገር ግን ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ከርከሮ ወይም ጃርት ሲያስቸግር የመጀመሪያው እርምጃ ጉዳቱን ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብና የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ነው። ጠመንጃ የሚነሳው ከዚያ በኋላ፣ ፈቃድ ከተገኘ ብቻ ነው።

ለየትኛው ተባይ?

የሚረብሽዎትን እንስሳ በስሙ ይጥሩት። ግሪሳ ወፍ ከሆነ ማንኛውም ጠመንጃ ዋጋ የለውም፤ ማሽላ ላይ እንደ ደመና የሚወርድን መንጋ በአንድ አንድ ጥይት መከላከል አይቻልም፤ ግሪሳ በመንግሥት በኩል በአውሮፕላን በሚረጭ መድኃኒትና በገበሬው ጩኸትና ወንጭፍ የሚመከት ነገር ነው። ከርከሮ ከሆነ ደግሞ አነስተኛ ጠመንጃ ፈጽሞ አይበቃም፤ እንስሳውን አቁስሎ ወደ ጥሻ ከመስደድ በስተቀር የሚያመጣው ውጤት ስለሌለ፣ ይህን ማድረግ ጭካኔም አደጋም ነው። ጃርት የሚወጣው በሌሊት ነው፤ በሌሊት ከዒላማው ጀርባ ያለውን ማየት ስለማይቻል የማማክረውን ሰው ሁሉ ከጠመንጃ ይልቅ አጥር እንዲያጠብቅ እመክራለሁ።

የሚቀረው የአነስተኛ ጠመንጃ ትክክለኛ ሥራ ነው፦ የእህል መጋዘንና የዶሮ ቤት የሚያምሱ አይጦች፣ መኖ የሚበሉና የሚያበላሹ ርግቦች፣ ከእነሱም ጋር የወረቀት ዒላማ። ይህ ዝርዝር አጭር መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ምርጫውን ቀላል የሚያደርገው አጭርነቱ ነው።

ጥይቱ

በዓለም ላይ በአነስተኛ ጠመንጃ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት ጥይት ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል የሚባለው ነው። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 የወጣ ሲሆን፣ እርሳሱ (ተተኩሶ የሚወጣው ክፍሉ) 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና በተለመደው ዓይነት 2.6 ግራም ክብደት አለው። ከአፈሙዝ ሲወጣ ዝግተኛው ዓይነት በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ፣ ፈጣኑ ደግሞ 380 ሜትር አካባቢ ይጓዛል፤ በጉልበት ሲታይ ከ140 እስከ 190 ጁል መሆኑ ነው። የክላሽ ጥይት 2,000 ጁል ገደማ እንዳለው ሲታሰብ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ርግጫው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ጀማሪ ሰው ምላጭ ሲስብ ዓይኑን የመጨፈን ልማድ አይዝም፤ ለዒላማ ልምምድ የተመረጠበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ጥይት ሁለት ጠባዮች አሉት፤ ሁለቱም በግዢው ላይ ይወስናሉ። አንደኛው፣ የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሁ መሃል ሳይሆን በጠርዙ ዙሪያ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ መምቻው መርፌ ጠርዙን ይደቁሳል፤ የተተኮሰ ቀለህም እንደገና ተሞልቶ ለአገልግሎት አይውልም። ሁለተኛው፣ እርሳሱ ከቀለሁ ጋር እኩል ውፍረት ያለው በመሆኑ ቅባቱ ወይም ሰሙ በውጭ በኩል ተቀብቶ ይገኛል። የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሚያስከትል ወዲያው ይገባዋል። ጥይት ከኪስ ወጥቶ፣ መሬት ላይ ወድቆ፣ በሸሚዝ እጅጌ ተጠርጎ ሲጎርስ፣ ሰሙ ላይ የተለጠፈው ደቃቅ አሸዋ በርሜሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጥይት በሳጥኑ ይቀመጥ፤ የወደቀው ለብቻው ተለይቶ በደረቅ ጨርቅ ይጽዳ።

ለዒላማ የተሠሩት ጥይቶች ሆን ተብሎ ዝግተኛ የሆኑበት ምክንያት አለ። በ25 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 346 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚህ በላይ ፈጥኖ የሚወጣ ጥይት በመንገዱ ላይ ፍጥነቱ ከድምፅ በታች ሲወርድ ይናወጣል፤ አየሩም በብርቱ ይገታዋል። ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም፣ ፈጣኑ ጥይት ከዝግተኛው የበለጠ በነፋስ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። በአዳማ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከከተማው አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 ሜጋ ዋትና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት፣ እዚያ የቆሙት ነፋሱ ብርቱና የማያቋርጥ ስለሆነ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ይህን ጥይት በ50 ሜትር ርቀት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በ100 ሜትር ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል። አይጥ በ10 ሴንቲ ሜትር ትሳታለች። እዚህ አካባቢ ለሚተኩስ ሰው ዝግተኛውን ጥይት መርጦ ርቀቱን በ50 ሜትር መወሰን የተሻለ ነው የምለው ይህን አይቼ ነው።

ሌሎች ልኮችም አሉ። ሃያ ሁለት ማግነም ከ400 ጁል በላይ ይደርሳል፤ በ2002 እንደ አውሮፓውያን የወጣው አሥራ ሰባት ኤችኤምአር ደግሞ ቀላልና እጅግ ፈጣን ነው። ሁለቱም ዋጋቸው ይከብዳል፤ ሰው በሰፈረበት አገር ጩኸታቸውም ይበዛል። ለተጠቀሰው ሥራ አያስፈልጉም።

የአየር ጠመንጃ ግን በቁም ነገር ሊታሰብ የሚገባው ነው። 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የእርሳስ ፍሬ ትተኩሳለች፤ ለተባይ የሚሆነው ዓይነት ጉልበቱ 16 ጁል አካባቢ ስለሆነ በ25 ሜትር ውስጥ አይጥንና ርግብን በቅጡ ይጥላል፤ የሚያልፈውም ፍሬ እንደ ባሩድ ጥይት ሩቅ አይሄድም። በዶሮ ቤት አካባቢ ከሆነ ሥራዎ፣ ምክሬ ያለ ማመንታት የአየር ጠመንጃ ነው። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር ውድድርም የሚካሄደው በ4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ ሲሆን፣ የዒላማው የ10 ነጥብ ቦታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው ለልምምድ ያንሳል የሚል ካለ ተሳስቷል። በብረት ሞላ (ስፕሪንግ) የሚሠራው ዓይነት ግን ሲተኩስ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚዘል ተራውን አጉሊ መነጽር ይሰብራል፤ መነጽር ሲገዙ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ የተሠራ መሆኑን ይጠይቁ።

አሠራሩና ሥሪቱ

መዝጊያው በእጅ ተከፍቶ በእጅ የሚዘጋውን ይምረጡ። ምንሽርና ቤልጅግ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፦ መዝጊያውን ማንሳት፣ መሳብ፣ ቀለሁን ማስወጣት፣ መግፋትና መዝጋት። ራሱ እየጎረሰ የሚሄደው ዓይነት በጥይቱ ግፊት ስለሚሠራ በዝግተኛው ጥይት አልፎ አልፎ ይነክሳል፤ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ከሁሉም በላይ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሌላ ጥይት ጎርሶ ይጠብቃል። በእጅ የሚሠራው ጠመንጃ መዝጊያውን ከፍተው ካስቀመጡት ባዶ መሆኑ ከሩቅ ለሁሉም ይታያል። ለተማሪና ለቤተሰብ ሰው ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ስለ ሥሪት የምለው አጭር ነው። የቼኩ ሲዜድ፣ በተለይ 452 እና ዘግይቶ የመጣው 457፣ ብረቱና በርሜሉ የታመነ ነው፤ የቀድሞዎቹ የብርኖ ጠመንጃዎችም ካልተጎዱ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። የጀርመኑ አንሹትዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1856 ጀምሮ የሚሠራ ቤት ሲሆን በዒላማ ውድድር ስሙ ከፊት ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። የፊንላንዱ ቲካ ቲ1ኤክስ ዘመናዊና ጠንካራ ነው። የሩሲያው ቶዝ ሻካራ ቢሆንም የማያስቸግር ነው። የአሜሪካው ሩገር 10/22 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ በብዛት የተሸጠ ቢሆንም ራሱ የሚጎርስ ነው። ከእነዚህ ማንኛውም ቢሆን ያለ መለዋወጫ ካዝና (የጥይት መያዣው) እና ያለ መምቻ መርፌ ሲገኝ ግማሽ ጠመንጃ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ሁለተኛ ካዝና ማግኘት ይቻል እንደሆነ ያጣሩ። የካዝና ከንፈር አንዴ ከተጣመመ ጥይቱ አፍንጫውን እየመታ ይቀራል።

ያገለገለ ጠመንጃ ሲመረምሩ

አንድ ጎረቤቴ፣ ከእኔ በዕድሜ በጣም የሚያንስ ልጅ፣ ፈቃዱን በሚገባ ካወጣ በኋላ የተወለወለ ጠመንጃ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። እንጨቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ብረቱ ያበራል። እኔ ግን አፈሙዙን በጥፍሬ ዞርኩበት። በአንድ በኩል፣ በሰዓት አራት ቁጥር አቅጣጫ፣ ጥፍሬ ያዘ። ከአራስ ሕፃን ጥፍር የማይበልጥ ጉድፍ ነበር፤ ጠመንጃው በአፈሙዙ ድንጋይ ላይ የወደቀ ይመስላል። በ50 ሜትር ላይ አምስት ጥይት ሲተኩስበት አንዱ እንኳ ከሌላው ጋር አልተገናኘም። ጥይቱ ከበርሜሉ የሚለየው በዚያ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ከኋላው ያለው ጋዝ በጉድፉ በኩል ቀድሞ ሲያመልጥ እርሳሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። የተካነ የመሣሪያ ባለሙያ ጠርዙን በቶርኖ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ገዢው ግን ይህን ወጪ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ስለዚህ ምርመራው ከአፈሙዝ ይጀምር። አፈሙዙን ከመንካትዎ በፊት ግን ካዝናውን ያውጡ፣ መዝጊያውን ይክፈቱ፣ መጉረሻውን በዓይንም በጣትም አይተው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልዎትም ራስዎ ይድገሙት። ከዚያ መዝጊያውን ፈጽመው አውጥተው ከኋላ በኩል ነጭ ወረቀት ያስደግፉና በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱ። በበርሜሉ ውስጥ የተቆፈሩት ጥምዝ ቦዮች ጠርዛቸው ስል፣ መሃላቸው እንደ መስተዋት ንጹሕ ሆነው መታየት አለባቸው፤ በዚህ የጥይት ልክ ጥምዙ በየ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ አንድ ዙር ይዞራል። እንደ ቀለበት ያለ ጥላ በአንድ ቦታ ላይ ከታየ በርሜሉ አብጧል፤ ቀድሞ የተቀረቀረ ጥይት ላይ ሌላ ተተኩሶበታል ማለት ነው። በውጭ በኩል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው በቀስታ ቢያንሸራትቱም እብጠቱ ይሰማዎታል። እንዲህ ያለውን አይግዙ።

ቀጥሎ የመጉረሻው አፍ። ባዶ ጠመንጃ ላይ ምላጭ ደጋግሞ መሳብ በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ ጉዳት አለው፤ መምቻው መርፌ የሚመታው ጠርዝ ሲያጣ በቀጥታ የመጉረሻውን ብረት ሊቀጠቅጥ ይችላል። ምልክቱ በመጉረሻው አፍ ላይ የምትታይ ትንሽ ስርጉድና ወደ ውስጥ የወጣች ሾህ ናት። ሾኋ ካለች ቀለሁ በግድ ይገባል፣ በግድ ይወጣል። የተተኮሰ ቀለህ ካለ ይመርምሩ፦ የመርፌው ምት በጠርዙ ላይ በግልጽና በእኩል ጥልቀት መታየት አለበት፤ ቀለሁ በጎኑ ከተተረተረ ወይም ካበጠ መዝጊያው በደንብ አይዘጋም።

ምላጩን ለመመዘን ሚዛን አያስፈልግም። መጉረሻው ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ ያስገቡ፤ መርፌው ባዶ ብረት እንዳይመታ ነው። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ላይ፣ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አቁመው፣ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ ምላጩ ላይ ያንጠልጥሉ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ በዚህ ክብደት ምላጩ ከተለቀቀ ለማሳ ሥራ ከሚገባው በላይ የላላ ነው፤ በአንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ሲለቀቅ ተገቢ ነው፤ ከሁለት ሊትር በላይ ከጠየቀ ደግሞ እጅ እየጎተተ ዒላማ ያስታል። ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ ወጥረው፣ ሰደፉን በላስቲክ ምንጣፍ ላይ ጠንከር አድርገው ይምቱት። መርፌው በራሱ ከወደቀ፣ ወይም ብዙዎች ሴፍቲ የሚሉት መጠበቂያ ተዘግቶ ሳለ ምላጩ ሲሳብ ከተለቀቀ፣ ጠመንጃው አደገኛ ነው፤ በቅናሽም ቢሆን ሊወሰድ አይገባውም።

የእንጨቱን ልክ በክንድዎ ይለኩ፦ ሰደፉ በክርን መታጠፊያ ላይ ሲያርፍ አመልካች ጣትዎ ምላጩ ላይ ያለ ችግር መድረስ አለበት። ለማሳ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ይበቃል፤ ለዒላማ ብቻ ከሆነ ከ4 ኪሎ በላይ የሆነው በእጅ ላይ ረግቶ ይቀመጣል።

ማነጣጠሪያው

በ25 ሜትር ውስጥ ለሚሠራ ሰው በብረት ማነጣጠሪያ መጀመር ይሻላል፤ አይሰበርም፣ አቧራ አያጨልመውም፣ ዓይንንም ያስተምራል። መነጽር ከተፈለገ አራት ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል፤ ነገር ግን ለዚህ ጠመንጃ የተሠራው መነጽር በ50 ሜትር ገደማ፣ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራው ደግሞ በ100 ሜትር ገደማ እንዲስማማ ተደርጎ የተቃኘ ነው። የትልቁን በዚህ ላይ ቢያስሩት ዓይንዎ ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር መስቀሉ በዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ጠመንጃውን በ50 ሜትር አስተካክለው ሲጨርሱ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚመታ ያስታውሱ።

የ25 ጥይት ፈተና

ጠመንጃው የታመነ መሆኑን የሚነግርዎ ወረቀት ብቻ ነው። በተፈቀደ የመተኮሻ ቦታ፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው በ50 ሜትር ላይ አምስት አምስት ጥይት በአምስት የተለያዩ ወረቀቶች ይተኩሱ። አንድ የተዋጣ ወረቀት ይዞ መመጻደቅ የተለመደ ነው፤ እኔ የማየው ግን ከአምስቱ የከፋውን ነው። በሁለቱ በጣም በተራራቁት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ይለኩ፦ በሁሉም ወረቀቶች ላይ ከ25 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ለተባይ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ15 በታች ከሆነ ለዒላማ ውድድር ልምምድ ይሆናል። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ዒላማ የ10 ነጥቡ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር መሆኑ መለኪያ ይሁንዎ።

ውጤቱ ካላማረ ጠመንጃውን ከመኮነንዎ በፊት ጥይቱን ይቀይሩ። ሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃዎች፣ አንዱ የሚወደውን ጥይት ሌላው ሲጠላው በግምጃ ቤት ደጋግሜ አይቻለሁ። አዲስ ዓይነት ጥይት ሲጀምሩ የቀድሞው ሰም በአዲሱ እስኪተካ ድረስ አሥር፣ አሥራ አምስት ጥይት ይጠይቃል፤ ፍርድ ከዚያ በኋላ ይሁን። አንዴ የተስማማውን ካገኙ በሳጥኑ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ጽፈው ይያዙና ፈቃድዎ የሚፈቅደውን ያህል ከዚያው ምርት ይግዙ።

ከዒላማው ጀርባ

ይህን የምጽፈው አንድ ቦታ በልቤ ይዤ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በመስኖ ቦይ ዳር ቆርቆሮ አስቀምጬ ስተኩስ ሁለተኛው ጥይት ውኃውን ነካ፤ ጩኸቱ በፓፓያው ላይ አልፎ ሄደ፤ ከዚያ ማዶ ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ሴቶች ቀና ሲሉ አየሁ። ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ቀን ወዲህ በውኃ ዳር ተኩሼ አላውቅም። ይህ ጥይት ትንሽ ቢሆንም ወደ ላይ ከተተኮሰ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ለስላሳ እርሳስ በመሆኑም ከውኃ፣ ከጠንካራ እንጨት፣ ከጎማና የአዳማ ሜዳ ሞልቶ ከተረፈው ጥቁር ድንጋይ ላይ እየነጠረ አቅጣጫ ይቀይራል። የወንጂ ሸንኮራ ቁመቱ ሰው ይሰውራል፤ ሸንኮራ የሚቆርጥ ሰው እዚያ ውስጥ የለም ብሎ መተኮስ አይቻልም። ከዒላማው ኋላ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ድንጋዩ የተለቀመለት የአፈር ክምር መኖር አለበት፤ ክምሩ ከሌለ ተኩስም የለም። ርግብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ካረፈች ወደ ላይ የሚተኮስበት ምክንያት የለም፤ ትነሣና መሬት ላይ ትውረድ። የዓይን መከላከያና የጆሮ መድፈኛ አይቅር፤ ሲጨርሱም እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ ምግብ አይነካም። የተገደለው አይጥ ወይም ርግብ ሜዳ ላይ አይጣል፤ በውስጡ የቀረው እርሳስ ጥንብ አንሳንና አባ ኮዳን ስለሚመርዝ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር።

አያያዝ

ማጽጃው ዘንግ በኋላ በኩል፣ በመዝጊያው መግቢያ ይግባ እንጂ በአፈሙዝ አይግባ፤ የአፈሙዙን ጠርዝ ከሚበሉት አንዱ በአፈሙዝ በኩል የሚገባ የብረት ዘንግ ነው። በርሜሉን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መጥረግ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መራራቅ ሲጀምሩ ይበቃል። መዝጊያውና መጉረሻው ግን ሁልጊዜ ይጽዱ፤ ዘይቱ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ዘይትና የአዳማ አቧራ ሲገናኙ ጭቃ ነው የሚሆኑት።

ጠመንጃው በተቆለፈ የብረት ሳጥን፣ መዝጊያው በሌላ ቦታ፣ ጥይቱ በሦስተኛ ቦታ ለየብቻ ተቆልፈው ይቀመጡ፤ ቁልፉን የሚያውቀው ፈቃዱ ላይ ስሙ የሠፈረው ሰው ብቻ ይሁን። በግምጃ ቤት ስሠራ የለመድኩትን አንድ ደብተር እስከ ዛሬ አልተውኩም፦ ቀኑ፣ የወጣው ጥይት ብዛት፣ የተመለሰው፣ የምርት ቁጥሩ፣ ነፋሱ ምን ያህል እንደነበረና የከፋው ወረቀት ስንት ሚሊ ሜትር እንደለካ በአንድ መስመር ይጻፍበታል። ክረምቱ ወጥቶ ጠመንጃው ከሳጥኑ ሲወጣ፣ ወደ ማሳ ከመሄዱ በፊት አምስት ጥይት በ50 ሜትር ይተኮስና ከደብተሩ የመጨረሻ መስመር ጋር ይመዛዘን፤ እርጥበት እንጨቱን አሳብጦ ብሎኖቹን አላልቶ ከሆነ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።